የፀጉሩን ክብደት መዘንን፤ ልጁንስ ማን ይመዝነው?



ልጅ ሲወለድልን በሰባተኛው ቀን አቂቃ እናርዳለን። ስም እናወጣለን፤ ፀጉሩን እንላጫለን፤ የተላጨውን ፀጉር መዝነን በዚያው ክብደት ልክ በብር ሰደቃ እንሰጣለን። ከፋጢማ (ረ.ዐ) ጀምሮ ሲወርድ የመጣ ነገር ነው፤ ማሻአላህ። ፀጉሩ እፍኝ እንኳ አይሞላም። ቢሆንም ሚዛን ያለው ሰው ፈልገን፣ ግራሟን ቆጥረን፣ ተሳስተን እንዳይሆን ደግመን እንመዝናለን።

ከዚያ ቀን በኋላ ግን ልጁን ራሱን የመዘነ አባት ስንት ነው? እዚህ ደካ ላይ ከሰላት በኋላ በመስጂዱ በር ቆመን ወጣት አባቶችን «ልጅህ ስንት ኪሎ ሆነ?» ብለን እንጠይቃለን። አብዛኞቹ ይስቃሉ። «እሱን እናቱ ናት የምታውቀው» ይላሉ። የቡናን የኪሎ ዋጋ ጠዋትና ማታ የሚከታተል፣ የቀረውን ኢንተርኔት እስከ ሜጋባይቱ የሚያውቅ ወንድማችን የልጁን ኪሎ አያውቅም። ስንት ወር እንደሞላው ስንጠይቀው ደግሞ ጣቱን ማጠፍ ይጀምራል።

ይህን የምንለው ከላይ ሆነን አይደለም። እኛም ያጠፋነው ነገር አለ፤ እሱን ሳንናገር ሌላውን መምከር አይገባንም።

ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሲገባ አንድ ወጣት አባት ከዐስር ሰላት በኋላ ሴት ልጁን ታቅፎ መጣ። አሥራ አንደኛ ወሯን ይዛ ነበር። አትቀመጥም፤ ሲያስቀምጧት ወደ ጎን ትወድቃለች። ድምፅ አታሰማም፣ ሲያጫውቷት አትስቅም። ዐይን ነው ተብሎ ነው የመጣው። ሩቅያ ቀራንላት፤ ውሃ ላይ ቀርተን ሰጠነው። «ሰብር አድርጉ፣ ኢንሻአላህ ትደርሳለች» አልነው። በሳምንቱ ተመለሰ፤ ደግመን ቀራን። እንዲህ እያልን ወደ ሁለት ወር ገደማ ሄደ። ከእኛ መካከል «ምን ትበላለች? ተመዝና ታውቃለች?» ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም።

የጠየቀችው ቤት ለቤት የምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። የልጅቱን ክንድ በመለኪያው ስትለካው ቀዩ ላይ ወደቀ። ቀይ ማለት የክንዷ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ነው፤ ከባድ የምግብ እጥረት ማለት ነው። ነገሩ ሲጣራ እናትየው ታማ ወተቷ ቀንሶባት ኖሯል። ልጅቱ ከአምስተኛ ወሯ ጀምሮ የኖረችው በቀጠነ የቡላ አጥሚትና በሻይ በራሰ ዳቦ ነበር። ቡላ ሆድ ይሞላል፤ ፕሮቲን ግን የለውም ማለት ይቻላል። ሆዷ እየሞላ ሰውነቷ ተርቦ ነበር። ያ ሁሉ ጊዜ እኛ ዘንድ ስትመላለስ ያለፈ ጊዜ ነው።

ሩቅያ ሐቅ ነው፤ ማንም ከዚህ ጽሑፍ ሌላ ትርጉም እንዳያወጣ። ግን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በሽታን ያወረደው አላህ መድኃኒቱንም እንዳወረደ ነግረውን፣ ታከሙ ብለው ያዘዙን አይደለም እንዴ? ሰበቡን ሳያደርሱ «ተወኩል አድርጌያለሁ» ማለት ግመሏን ሳያስሩ እንደ መተው ነው። እኛ ግመሏን ሳናስር ነው ዱዓ ያደረግነው።

አሁን ወደ ጉዳዩ እንግባ። አንድ ልጅ በመጀመሪያው ዓመት የሚያድገውን ያህል በሕይወቱ ሙሉ ዳግም አያድግም። በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ ይቀንሳል፤ ይህ አያስደነግጥም፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይመልሰዋል። አምስት ወር አካባቢ የተወለደበትን ክብደት እጥፍ ያደርጋል፤ ዓመት ሲሞላው ሦስት እጥፍ ገደማ ይደርሳል። በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ መካከለኛው ወንድ ልጅ ሲወለድ 3.3 ኪሎ፣ ዓመት ሲሞላው 9.6 ኪሎ ነው፤ ሴቷ ከ3.2 ተነስታ 8.9 ትደርሳለች። ቁመቱም ከ50 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ተነስቶ 75 ገደማ ይሆናል።

እነዚህ ቁጥሮች የመሐል ናቸው። ልጅህ ከነሱ ቢያንስ ታመመ ማለት አይደለም። ትልቁ ነገር ካርዱ ላይ ያለው መስመር ነው። ትንሽ ሆኖ የተወለደ ልጅ በራሱ መስመር ሽቅብ እየሄደ ከሆነ አልሐምዱሊላህ። ጉንጩ ሞልቶ ጎረቤት የሚያደንቀው ልጅ ደግሞ መስመሩ ሁለት ወር ሙሉ ተኝቶ ከቆየ የሆነ ነገር አለ። ይህ በዐይን አይታይም፤ በሚዛን ብቻ ነው የሚታየው። አንድ ጊዜ መዝኖ መተውም አይጠቅምም፤ አንድ ነጥብ መስመር አይሆንም። ለዚህ ነው ሁለት ዓመት እስኪሞላው በየወሩ የሚባለው።

አንዳንዱ «ይሄ የፈረንጅ መለኪያ ነው፣ የእኛ ልጆች ተፈጥሯቸው ነው» ይለናል። ወንድሜ፣ በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣው ይህ መለኪያ የተሠራው በብራዚል፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ልጆች ላይ ነው። የጋና ጥቁር ልጅ አለበት፣ የኦማን ሙስሊም ልጅ አለበት። በደንብ ጠብተው፣ በደንብ ተመግበው፣ በጤና ያደጉ ልጆች በየትም አገር ቢወለዱ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚያድጉት በተቀራራቢ ሁኔታ ሆኖ ነው የተገኘው።

በዚህ ላይ አንድ ሐዲስ ይገርመናል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከምታጠባ ሚስት ጋር መቀራረብን ሊከለክሉ አስበው ነበር፤ ዐረቦች የሚጠባውን ልጅ ይጎዳል ብለው ይፈሩ ስለነበር ነው። በኋላ ግን ሮማውያንና ፋርሶች ይህን እንደሚያደርጉና ልጆቻቸው እንዳልተጎዱ አስተውለው ክልከላውን ተዉት። ሙስሊም ዘግቦታል። ስለ ሕፃን ጤና የሌላ ሕዝብ ልጆች የታዩበትን ነገር መመልከት ለእርሳቸው ነውር አልነበረም። ለእኛ ለምን ይሆናል?

ደግሞስ የራሳችንም ልጆች ተለክተዋል። በ1985 ዓ.ም. ከጅማ የተነሱ ተመራማሪዎች በጅማ፣ በኢሉባቦርና በዚሁ በከፋ በዚያ ዓመት የተወለዱ 8,000 ገደማ ሕፃናትን መዝግበው፣ ዓመት እስኪሞላቸው በየሁለት ወሩ እየዞሩ ይመዝኑ ነበር። የያኔውን መንገድ የሚያውቅ ሽማግሌ ያስበው። እነዚያ ሕፃናት ዛሬ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ ይህን ከምታነቡት መካከልም ሊኖሩ ይችላሉ። ባለሙያ ጭቃ ረግጦ ልጃችሁን ሊመዝን ከመጣ፣ አባት ከቤቱ እስከ ጤና ኬላው መሄድ እንዴት ያቅተዋል?

በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የአገራችን ልጆች 37 በመቶው ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ያጠረ ነው። ከመቶ ሠላሳ ሰባት! ብዙው የሚጀምረው ደግሞ ከስድስት ወር በኋላ፣ ጡት ብቻውን የማይበቃበት ጊዜ ሲመጣ ነው። እኛ አገር እንሰት አለ፤ አልሐምዱሊላህ፣ ከረሃብ ያተረፈን ተክል ነው። ለሕፃን ግን ቆጮና ቡላ ብቻቸውን አይበቁም። እንቁላል፣ ወተት፣ የቦሎቄ ወይም የባቄላ ዱቄት፣ ጎመን፣ ከጓሮ የሚወርደው አቮካዶ ይጨመርበት። ገንፎው ከማንኪያ የማይፈስ ይሁን። ከስድስት እስከ ስምንት ወር በቀን ሁለት ሦስቴ፣ ከዘጠኝ ወር በኋላ ሦስት አራቴ፤ ጡቱም ሳይቋረጥ። ሻይና ቡና ለሕፃን አይሰጥም፤ ከምግብ የሚያገኘውን አይረን ይይዙበታል። የቡና አገር ሰዎች ስለሆንን ይህን መስማት አይጥመንም፤ እናውቃለን።

አሁን ደግሞ የባሰ የማይጥም ልንናገር ነው፤ ስለ ማር። የከፋ ማር የታወቀ ነው፣ በማር ውስጥ ፈውስ መኖሩንም በሱረቱ ነሕል ተነግሮናል፤ የሚክድ ሙስሊም የለም። ነገር ግን ዓመት ላልሞላው ልጅ ማር አይሰጥም። ማር ውስጥ ሊኖር የሚችል ዐይን የማያየው የጀርም ዘር አለ፤ የትልቅ ሰው አንጀት ያሸንፈዋል፣ የሕፃን አንጀት ግን ገና አቅም የለውም። ሲይዘው መጀመሪያ ሆድ ይደርቃል፣ ከዚያ ለቅሶው ይደክማል፣ መጥባት ያቅተዋል፣ አንገቱ ይልፈሰፈሳል። ተሕኒክ ስናደርግ ተምር የለም እያልን ማር የምናልስ ሰዎች ይህን እንስማ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የአስማእን ልጅ ዐብደላህ ኢብኑ ዙበይርን ተሕኒክ ያደረጉት በተምር ነው። ከረመዳን የተረፈች አንዲት ተምር አስቀምጥ። በታጠበ እጅ አልመህ ላንቃውን በጣትህ ጫፍ አስነካው፤ ይበቃል። ሳል ያለበት ሰው አኝኮ አይስጥ። ቅቤ ማስዋጡም ይቅር። መጀመሪያ የሚወርደው ቢጫ ወተት «እንገር ነው» ተብሎ የሚደፋው ደግሞ የልጁ የመጀመሪያ መከላከያ ነው።

ኪሎ ብቻ አይደለም። ልጁ ምን ቻለ የሚለውም አለ። እዚህ ላይ ሰው በሁለት በኩል ይሳሳታል። አንዱ ጎረቤቱን እያየ ይጨነቃል፤ «የእገሌ ልጅ በዘጠኝ ወሩ ሄደ፣ የእኔ ገና ይድሃል» ይላል። ጤነኛ ልጅ ያለ ድጋፍ መራመድ የሚጀምረው ከስምንት ወር አንስቶ እስከ አሥራ ሰባት ወር ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ሰፊ ሜዳ ነው። ጨርሰው ሳይድሁ ተነስተው የሚሄዱ ልጆችም አሉ። ያለ ጊዜው የተወለደ ከሆነ ደግሞ መወለድ ከነበረበት ቀን ነው የሚቆጠርለት። ስለዚህ «ወፌ ቆመች» ለማለት አትቸኩል፤ ሚስትህንም በጎረቤት ልጅ አታሳቅቃት።

ሌላው ደግሞ ምንም ነገር ቢያይ «ይደርሳል» ብሎ ይተኛል። ሁሉም አይደርስም ወንድሜ። በሦስት ወሩ ፊትህን አይቶ የማይስቅ፣ በስድስት ወሩ አንገቱ ያልጸና ወይም ወደ ድምፅ የማይዞር፣ ዘጠኝ ወር አልፎት ያለ ድጋፍ የማይቀመጥ፣ ዓመት ሞልቶት ተይዞ እንኳ የማይቆም፣ «ባባ፣ ዳዳ» የማይል ልጅ ባለሙያ ይየው። ችሎ የነበረውን የተወ ልጅ ከሁሉም በፊት፣ በዚያው ሳምንት። መስማት የማይችል ሕፃንም በመጀመሪያዎቹ ወራት ድምፅ ያወጣል፤ ቤተሰብ የሚታለለው በዚህ ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ ጓዳ መደበቅ ቀደርን መቀበል አይደለም።

አዛን በጆሮው አድርገን ተቀበልነው፤ ከዚያ በኋላስ ስንት ቀን አናገርነው? ሕፃን ቋንቋ የሚይዘው ከሚያናግረው ፊት ነው። በካፊኖኖም ሆነ በአማርኛ አውራው፣ ስሙን ጥራው፣ ስታጥበው የምታደርገውን ንገረው። ስልክ እጁ ላይ አስይዞ ዝም ማሰኘት ማሳደግ አይደለም፤ ዓመት ላልሞላው ስክሪን እንዳይታይ ነው ምክሩ። ቁርኣን ልትከፍትለት ከሆነ ስልኩን ደፍተህ አሰማው።

«ይህ የሴት ሥራ ነው» ለሚለው፣ ሱረቱል በቀራ 233ኛውን አንቀጽ ከፍቶ ያንብብ። ሁለት ዓመት ማጥባት የተነሳበት ቦታ ላይ የእናትየው ምግብና ልብስ የተጣለው በአባት ላይ ነው። ጡት ማስጣሉ እንኳ በሁለቱ ምክክር ነው የተባለው። የማያውቀውን ልጅ እንዴት ይመካከርበታል? የምታጠባ ሚስትህ ካልበላች ልጅህ አልበላም። በረመዳን ለራሷ ወይም ለልጇ ከፈራች ሸሪዓው ማፍጠር ፈቅዶላታል፤ አንተ በሐሜት አትከልክላት።

ልጅቱ ዛሬ የት ደረሰች ለምትሉ፣ ጤና ጣቢያ በተሰጣት ፕላምፕኔትና በክትትል ክንዷ አረንጓዴ ላይ ገብቷል። በአሥራ አምስተኛ ወሯ ተቀመጠች፣ ሃያኛው ላይ ተራመደች። ንግግሯ ገና ነው፤ ዱዓ አድርጉላት፣ ክትትሉም አልቆመም። አባቷ አልተቀየመንም። ቢቀየመን ሐቅ ነበረው።

እኛ ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር አድርገናል። ለሩቅያ ሕፃን ይዞ የመጣን ሰው ከመቅራታችን በፊት ካርዱን እንጠይቃለን። ከሌለው ቀርተንለት በነጋታው ጤና ኬላ እንዲሄድ ቃል እናስገባዋለን፤ ሳምንት ሲመለስም መጀመሪያ የምንጠይቀው ኪሎውን ነው። መጀመሪያ ላይ «መስጂድ ነው ክሊኒክ?» ያለን ሰው ነበር። ባለፈው ጁሙዓ ያው ሰውዬ ከኪሱ አራት ቦታ የታጠፈ ካርድ አውጥቶ «ሰባት ከሁለት መቶ» አለን። ልጁ ስድስተኛ ወሩን ጨርሷል። መስመሩን አየነው፤ ሽቅብ ነው። ለዘጠነኛ ወሩ የኩፍኝ ክትባት የሚመለስበትን ቀን ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ ጻፍንለት።

ወሰላሙ ዐለይኩም።