ታመው የዳኑትን በደመወዝ እንቅጠር

አንድ ሰው አዲስ አበባ በሚገኘው አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ተኝቶ ታክሞ ሲሻለው፣ መድኃኒቱንና የቀጠሮ ካርዱን ይዞ ወደ መጣበት ወረዳ ይመለሳል። ሐኪሙ ድርሻውን ተወጥቷል። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ግን ባለቤት የለውም። ጎረቤት በሩቁ ያየዋል፤ የሠርግ ጥሪ ቤቱን አልፎ ይሄዳል፤ እናቱ «ደግሞ ይነሳበት ይሆን?» እያለች እንቅልፍ አጥታ ታድራለች። ወራት ሳይቆጠሩ መድኃኒቱ ይቋረጣል። ቤተሰቡም ጥጃም ይሁን በግ ያለውን ሸጦ እንደገና ወደ አዲስ አበባ ይሳፈራል።

ለምን ይቋረጣል? በቡታጅራ ስኪዞፍሬንያ የተባለ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎችና አስታማሚዎቻቸውን ያነጋገሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት ካገኟቸው ምክንያቶች አንዱ ልብ ይሰብራል፤ መድኃኒቱ ረሃብ ይቀሰቅሳል፣ ቤት ውስጥ ደግሞ የሚበላ የለም። ይህን ለሐኪም መናገር ያሳፍራል። ወረፋው ረጅም፣ የምርመራው ጊዜ አጭር ነው፤ ሐኪሙም ላይጠይቅ ይችላል። ያንኑ ክኒን ውጦ ያንኑ ረሃብ ያየ ሰው ግን ሳይነግሩት ያውቀዋል። ገና ከመቀመጡ «እህል ቀምሰህ ነው የዋጥከው?» ይላል።

የአቻ ድጋፍ የሚባለው ይህ ነው። ራሱ ታሞ ያገገመና ሥልጠና የወሰደ ሰው፣ ከሆስፒታል የወጣውን ቤቱ ድረስ ሄዶ ያየዋል፤ የቀጠሮው ቀን ሲደርስ አብሮት ይሄዳል፤ በመድኃኒቱ ሳቢያ እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር መድኃኒቱን ከመጣሉ በፊት ለሐኪም እንዲናገር ይመክረዋል። ጠበል የሚጠመቀውን ሰው ከእምነቱ ጋር አያጣላውም። «ተጠመቅ፣ ክኒኑንም አትተው፤ እኔ ሁለቱንም ይዤ ነው የቆምኩት» ሲለው ይሰማዋል፤ ከነጭ ጋዋን ለባሹ አፍ ቢወጣ ግን ያው ምክር ላይሰማ ይችላል። ልጇ እንዳይጠፋባት በሰንሰለት ያሰረች እናትም፣ ትናንት ታስሮ የነበረ ሰው ዛሬ ቤቷ ገብቶ ቡና ሲጠጣና ስለ ሥራው ሲያጫውታት ስታይ፣ ሰንሰለቱን ለመፍታት ድፍረት ታገኛለች። ይህን ድፍረት በመድኃኒት ማዘዣ ላይ ጽፎ መስጠት አይቻልም።

ጉዳዩ የሞትና የሕይወት ነው። በዚያው በቡታጅራ አካባቢ ከ900 የሚበልጡ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ለ10 ዓመት የተከታተለ ጥናት፣ የሞቱት ሰዎች ሊኖሩት ይገባ ከነበረው ዕድሜ ወደ 30 ዓመት ገደማ እንዳጡ አሳይቷል። ብዙዎቹን የገደላቸው ተላላፊ በሽታ ነው። ሳላቸውን አይቶ ጤና ጣቢያ የሚወስዳቸው ሰው ቢኖር ከእነሱ ስንቱ በተረፈ ነበር።

እኛ ይህን ሥራ በሌላ በሽታ አሳምረን ሠርተነዋል። የኤች አይ ቪ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2005 በነጻ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፣ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች በጤና ተቋማት እየሠሩ መድኃኒት ያቋረጠውን በየሰፈሩ ፈልገው መልሰዋል፤ እናቶችም በድጋፍ ቡድን ተሰባስበው ነፍሰ ጡሮችን አበረታተዋል። ያን ጊዜም «እነሱ ራሳቸው ሕሙማን አይደሉም እንዴ?» ያለ አልጠፋም። አብዛኛው ገንዘብ ግን የመጣው ከውጭ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ ዕርዳታ ሲቋረጥ፣ በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ በሺዎች የሚቆጠሩ የጤና ሠራተኞች ውላቸው ተቋረጠ። ስለዚህ ለአእምሮ ጤና የአቻ ድጋፍ የምንጠይቀው ገንዘብ ከራሳችን ካዝና፣ በመደበኛ በጀት እንዲመደብ ነው። በፕሮጀክት የተጀመረ ከፕሮጀክቱ ጋር ይዘጋል።

ሌላ አገር መንግሥት እንዴት እንደከፈለ ማየትም ይጠቅማል። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት የአትላንታ ከተማ ያለችበት የጆርጂያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1999 የአቻ ድጋፍን በመንግሥት የጤና መድን፣ በሜዲኬይድ እንዲከፈል አደረገች፤ ከአሜሪካ ግዛቶች የመጀመሪያዋ ናት። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ የፌዴራሉ መንግሥት ለግዛቶች በጻፈው ደብዳቤ፣ ሥራው በባለሙያ ክትትል እንዲመራ፣ ከሕክምናው ጋር እንዲቀናጅ፣ ሠራተኛውም ሠልጥኖ የብቃት ማረጋገጫ እንዲይዝ አዘዘ። እነዚህን ቅድመ ሁኔታዎች እኛም ብንወስዳቸው ብዙ ስጋት ይቀልላል። «ተመልሶ ቢታመምስ?» ለሚለውም መልሱ ቀላል ነው፤ እንደማንኛውም ሠራተኛ የሕመም ፈቃድ ይወስዳል፣ ታክሞ ወደ ሥራው ይመለሳል።

በጉራጌ አካባቢ በሶዶ ወረዳ የተደረገ ሙከራ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣ ውጤቱ፣ ሠልጥነው ቤት ለቤት የሚደግፉ የአካባቢው ሰዎች ከጤና ጣቢያው ሕክምና ጋር ሲታከሉ የስኪዞፍሬንያ ሕሙማን የዕለት ኑሯቸውን የማከናወን አቅም እንደተሻሻለ አረጋግጧል። እነዚያ ደጋፊዎች የግድ ታመው የዳኑ አልነበሩም። ሐኪም ያልሆነ ሰው ይህን ሥራ መሥራት እንደሚችል ግን አሳይተውናል። በሽታውን በራሱ ላይ ያየው ሰው ደግሞ ከእነሱ የሚበልጥ እውቀት ይዞ ይመጣል።

እንግዲህ ጥያቄያችን ግልጽ ነው። ጤና ሚኒስቴር ለዚህ ሥራ መደብ ይክፈትለት፤ ሥልጠናውንና የደመወዝ ደረጃውን ይወስን። የአእምሮ ሕክምና በሚሰጥ ጤና ጣቢያ ሁሉ ቢያንስ አንድ ሰው ይቀጠር። በበጎ ፈቃድ ስም ያለ ክፍያ ማሠራት ይቅር፤ ሕመም ሥራውን የነጠቀውን ሰው እንደገና በነጻ ማሠራት ፍትሕ አይደለም።

የጤና ጣቢያ ሠራተኛ ደመወዝ በወረዳ በጀት የሚከፈል ስለሆነ ጥያቄው አዲስ አበባ ላይ ብቻ አያልቅም። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራልና ከሰኔ በፊት መንቀሳቀስ አለብን። የእድር ዳኞች፣ በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ይህን አጀንዳ አስይዙና ለወረዳችሁ ምክር ቤት በደብዳቤ ጠይቁ። የሃይማኖት አባቶች፣ በጠበሉ ቦታም ሆነ በመስጊዱ መድኃኒት ኃጢአት አለመሆኑን ተናገሩ። በውጭ አገር ይህን ሙያ የምትሠሩ ወገኖች፣ የሥልጠና ልምዳችሁን በአማርኛ አዘጋጅታችሁ ላኩልን። ታማችሁ የዳናችሁ ደግሞ፣ ስማችሁን መግለጥ ባትፈልጉም፣ ከሆስፒታል ስትወጡ ምን እንደጎደላችሁ ለወረዳችሁ ጤና ጽሕፈት ቤት ጻፉ፤ የሥራ ዝርዝሩ መጻፍ ያለበት ከእናንተ ቃል ነው።