«ቢዚ ነኝ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

እናቴ የምትኖረው ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው። ባለፈው ሳምንት እኔ ጋ ፍኖተ ሰላም ደወለች። አዲስ አበባ ለሚሠራው ልጄ ደውላለት ኖሯል፤ «እማማ፣ ቢዚ ነኝ» ብሏት ዘጋ። እሷ የሰማችው ግን ሌላ ነው። «ብዙ ነኝ አለኝ። እንግዳ መጥቶበታል መሰለኝ፤ ለመሆኑ የሚያበላቸው አለው?»

ሳቅሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ቃሉ ከነከነኝ።

«ቢዚ» እና «ብዙ» ድምፃቸው ቢቀራረብም ዝምድና የላቸውም። ቢዚ ጥንታዊ የእንግሊዝኛ ቃል ነው፤ «ቢዝነስ» የምንለውም ከእሱ የተወለደ ነው። በእንግሊዝኛ ሥራ የያዘው ሰው፣ መኪና የበዛበት መንገድ፣ የተያዘ የስልክ መስመር፣ ጌጡ ዓይን የሚያደክም ጨርቅ ሁሉ ቢዚ ይባላል። እኛ ለየራሱ ቃል አለን፦ ሰው ፋታ ያጣል፣ መንገድ ይጨናነቃል፣ መስመር ይያዛል። (ጥሪ ሲቋረጥብን «ቢዚ አደረገብኝ» የምንለው ደግሞ የራሳችን ፈጠራ ነው።)

ቃል መዋስ ነውር የለበትም። ቸግሮኝ የነበረው ሌላ ነው። እናቴ በመኸር ወቅት ስደውልላት «አሁን በርበሬ እየለቀምሁ ነው፤ ማታ ደውል» ትለኛለች። የዳጉሳ አጨዳ ወንፈል ከሆነም የማን ማሳ ላይ እንዳሉ ትነግረኛለች። ምን እንደያዛት፣ መቼ እንደምትፈታ አውቄ እጠብቃለሁ። «ቢዚ ነኝ» ግን ምኑንም አይናገር። ወጣት ጓደኛ ቢሰማው ምንም አይመስለው፤ አያት ስትሰማው ግን ደግማ ለመደወል ትፈራለች።

ልጄን ስጠይቀው ለካ የመጋዘን ቆጠራ ላይ ነበር።

«ታዲያ ቆጠራ ላይ ነኝ አትላትም?»

«ማስረዳቱ ይረዝማል ብዬ ነው፣ አባባ።»

የሚረዝመው በአንድ ቃል ነው!

ወላጆች፣ ልጆቻችሁ «ቢዚ ነኝ» ሲሏችሁ «በምን?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ለቁጥጥር ሳይሆን ሐሳባችሁ እንዲያርፍ። እኛም እኮ የቤት ሥራ ይዘው ለሚመጡት ትንንሾች ይህንኑ ቃል እንወረውራለን፤ እኔ ራሴ ትናንት ብያለሁ።

ማታ ልጄ ለአያቱ ደወለላት። ስለ ቆጠራው ሊያስረዳት ሲጀምር አቋርጣ «እንግዶችህ በልተው ሄዱ?» አለችው።