ሐኪም ጠፋ ወይስ መደብ?

«ገጠር ሐኪም የለም፤ ስለዚህ ብዙ እናሠልጥን» የሚለውን መፍትሔ ሞክረነዋል። የሕክምና ትምህርት ቤቶች በረከቱ፣ ቅበላው በብዙ እጥፍ አደገ። ውጤቱ? የወረዳ ሆስፒታሉ ሐኪም ይፈልጋል፣ የተመረቀው ሐኪም ሥራ ይፈልጋል፣ መሐላቸው ላይ «የመደብ በጀት የለም» የሚል ደብዳቤ ተቀምጧል። ቅጥር ያገኘውም ቢሆን ዓይኑ ቦሌ ያሉት የግል ክሊኒኮች ላይ ነው፤ ካልሆነም ውጭ አገር። ማን ይፈርድበታል?

ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች «ደመወዛችን አያኖረንም» ብለው በከፊል ሥራ ሲያቆሙ በርካቶች ታሰሩ። ባለሙያ አጠረኝ የሚል መንግሥት ያለውን ያስራል እንዴ?

ሥልጠና አያስፈልግም አላልኩም። በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያን በቡድን ያሠለጠነው ለገጠር ጤና ጣቢያ ብሎ ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ ደምቢያ ላይ ወባ ሺዎችን ፈጅቶ ስለነበር ተማሪው ለምን እንደሚማር ያውቀዋል። የኤክስቴንሽን ሠራተኞችም በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ሲመደቡ ደመወዝተኛ ነበሩ። ሁለቱም ጊዜ ሥልጠናውና የሥራ ቦታው አብረው ታስበዋል።

አሁን ግን ማሠልጠኛ ሲከፈት ሪባን ይቆረጣል፤ ለደመወዝ መደብ ሪባን የሚቆርጥ ባለሥልጣን አላየሁም።

ጤና ሚኒስቴርና ገንዘብ ሚኒስቴር የሚቀጥለው ቅበላ ከመታወጁ በፊት በየወረዳው ስንት በጀት ያለው ክፍት መደብ እንዳለ በይፋ ያውጡ። የተጠራቀመው የዱቲ ክፍያ ይከፈል። ገጠር ሦስት ዓመት ያገለገለ ሐኪም ለስፔሻሊቲ ቅድሚያ ይሰጠው፤ ያውም ያለ ደጅ ጥናት።