ቲማቲሙ የጠማው ማዳበሪያ አይደለም

የእናቶች ቀን ሲደርስ እዚህ ሜሪላንድ ጓሮ ያለው ሁሉ የቲማቲም ችግኝ ፍለጋ ይወጣል። እናንተም ከመትከላችሁ በፊት የአምናውን ጥፋቴን ልንገራችሁ።

እናቴ ከአገር ቤት ከመጣች ሦስት ዓመቷ ነው። እንግሊዝኛ አትችል፣ መኪና አትነዳ፤ እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሬስቶራንት ነኝ። የኔ የምትለው ቦታ ጓሮው ብቻ ነው። አምና ስድስት ችግኝ ተከልን። ሐምሌ ላይ ፍሬዎቹ ገና አረንጓዴ ሳሉ ከሥራቸው ጠቁረው እንደ ቆዳ ደረቁ፣ ከዚያ በሰበሱ። እናቴ «እጄ አልበጀውም መሰለኝ» ብላ ጓሮ መውጣት ተወች።

እኔ ማዳበሪያ ጨመርኩ፣ የእንቁላል ቅርፊት ቀበርኩ። ወይ ፍንክች! ለካ ተላላፊ በሽታ አይደለም፤ ፍሬው ካልሲየም አጥቶ ነው። ካልሲየም ደግሞ ወደ ፍሬው የሚሄደው ከውሃ ጋር ነው። አፈሩ አንዴ ደርቆ፣ አንዴ ጨቅይቶ ከሆነ፣ ካልሲየሙ መሬት ውስጥ ቢኖርም ፍሬው ጋ አይደርስም። ቅርፊቱ ቶሎ አይበሰብስም፤ ማዳበሪያውም ሲበዛ ቅጠሉን ብቻ እያሳደገ ነገሩን ያብሳል።

ታዲያ ውሃ የሚያጠጣው ማን ነበር? እኔው! እናቴን «ወገብሽን ያምሻል፣ ተይው» ብዬ ጎማውን ቀምቼ፣ ሬስቶራንቱ በሚዘጋበት ሰኞ ብቻ አጥለቀልቀው ነበር። ጎማውን መለስኩላት። ጠዋት ጠዋት አፈሩን በጣቷ እየነካች፣ ሲደርቅ ታጠጣለች። ከዚያ በኋላ የመጡት ፍሬዎች ጤነኛ ሆኑ።

ዘንድሮ እንዲህ እናደርጋለን። የሌሊቱ ብርድ ከ50 ፋራናይት በታች መውረዱን ሲያቆም፣ በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ እንተክላለን። የታችኛውን ቅጠል ቀንጥሰን ግንዱን ጠለቅ አድርገን እንቀብረዋለን፤ የተቀበረው ግንድ ሥር ያወጣል። በችግኞቹ መካከል 2 ጫማ ያህል እንተዋለን፣ ነፋስ እንዲገባ። ከዝናብ ጋር በሳምንት 1 ኢንች ተኩል ያህል ውሃ ይበቃዋል፤ ግን ከሁለት ሦስት ጊዜ ተከፋፍሎ፣ ሥሩ ላይ እንጂ ቅጠሉ ላይ አይደለም። ቅጠል ሲረጥብ ሻጋታ ይወዳል። አፈሩን በጭድ እናለብሰዋለን፤ እርጥበቱን ይይዛል፣ ጭቃም ወደ ቅጠሉ እንዳይፈናጠቅ ይከለክላል። በባልዲ የምትተክሉ ደግሞ ታቹን ብሱት፤ በሙቀት ጊዜ በየቀኑ ማየት አለባችሁ። አምና ቲማቲም፣ ቃሪያ ወይም ድንች የነበረበት መሬት ላይ ግን አትትከሉ፤ ዘመዳሞች ስለሆኑ በሽታቸውም አንድ ነው።

ቤታችሁ እናት ወይም አባት ካሉ ጎማውን ስጧቸው። አምና መስከረም ላይ እናቴ ከጓሮዋ ቀጥፋ የሠራችውን ቲማቲም ፍትፍት ሬስቶራንት ይዛልኝ መጣች። ከኔ ምግብ ይጣፍጥ ነበር፤ ለደንበኞቼ ግን አትንገሩብኝ።