መተርጎም ብቻውን አይበቃም
(ስለ ዘፋኞች የድምፅ ጤና መጠይቅ)

አንድ ዘፋኝ ድምፁን ሲያመው ሐኪሙ ጉሮሮውን በመሣሪያ ያያል። መሣሪያው ግን ሁሉንም ነገር አይናገርም። ከፍ ያለውን ዜማ ለማውጣት ምን ያህል እንደሚታገል፣ መድረክ ከመውጣቱ በፊት ምን ያህል እንደሚሰጋ የሚያውቀው ዘፋኙ ራሱ ነው። ራሱን የሚመዝንበት መጠይቅ ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1997 አሜሪካ ውስጥ የታተመው የታወቀ የድምፅ መጠይቅ 30 ጥያቄዎች አሉት። ለእያንዳንዱ ከ0 («በፍጹም») እስከ 4 («ሁልጊዜ») ነጥብ ይሰጣል፤ ድምሩ እስከ 120 ይደርሳል። ነጥቡ ከፍ ባለ ቁጥር ችግሩ ከባድ ነው ማለት ነው። ይሁን እንጂ ያ መጠይቅ በዋናነት የሚጠይቀው ስለ ንግግር ድምፅ ነው። ስልክ ለማውራት የማይቸገር ሰው እኮ መዝፈን ሊያቅተው ይችላል! በመሆኑም በ2007 ለዘፋኞች ብቻ የሆነ ባለ 36 ጥያቄ መጠይቅ ወጣ። ጣሊያን ውስጥ ደግሞ ለክላሲካልና ለዘመናዊ ዘፋኞች ለየብቻ ተሰናድቶ ነበር። ብራዚሎች ሁለቱንም ወደ ፖርቱጋልኛ አመጧቸው፤ ጥናቶቹም በ2010 እና በ2011 ታትመዋል።

ታዲያ አንዳንድ ሰው «አንዴ በፖርቱጋልኛ ከተዘጋጀ ለፖርቱጋልኛ ተናጋሪ ሁሉ ይሆናላ፣ ምን ችግር አለው?» ይል ይሆናል። እኔ በዚህ አልስማማም።

አንደኛ፣ ቋንቋው ራሱ አንድ ዓይነት አይደለም። «እየዘፈንኩ ነው» ለማለት ብራዚላዊው «ኢስቶ ካንታንዱ» ሲል፣ የፖርቱጋሉ ሰው «እሽቶ አ ካንታር» ይላል። በአማርኛ «ደክሞኛል» የሚለውን ወንዱም ሴቷም እኩል ይሉታል። በፖርቱጋልኛ ግን ወንዱ «ካንሳዱ»፣ ሴቷ «ካንሳዳ» ናቸው። ጥያቄው በወንድ ፆታ ብቻ ከተጻፈ ሴቷ ዘፋኝ የሌላ ሰው ቅጽ የምትሞላ ሊመስላት ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ «ድካም ይሰማኛል» ብሎ በስም መጻፍ።

ሁለተኛና ዋናው ሙዚቃው ነው። በሊዝበን የፋዱ ቤቶች ሻካራ ድምፅ ውበት ሊሆን ይችላል። ስመ ጥሩው የፋዱ ዘፋኝ አልፍሬዱ ማርሴነይሩ (1891-1982) የሚታወቀው በጎርናና ድምፁ ነበር። እንዲህ ያለው ዘፋኝ «ድምፅህ ይሻክራል ወይ?» ቢባል ጤነኛ ሆኖ ሳለ «ሁልጊዜ» ብሎ 4 ነጥብ ሊያስቆጥር ነው። በአንጻሩ ካርኒቫል በመጣ ቁጥር ድምፁ የሚዘጋ የሳምባ ዘፋኝ ነገሩን የሥራው ጠባይ አድርጎ ካየው «በፍጹም» ብሎ ያልፈዋል። አንዱ ሳይታመም በሽተኛ ይባላል፤ ሌላው ታሞ ጤነኛ ተብሎ ይሸኛል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። እዚህ ላይ ግን የደበቀው ጥያቄው እንጂ ዘፋኙ አይደለም።

የቃል ምርጫም እንደ ቀላል አይታይም። ሪዮ ውስጥ የሳምባ ትምህርት ቤቶችን ሰልፍ በድምፁ የሚመራው ዘፋኝ «ፑሻዶር» (ጎታች) ይባላል። የማንጌይራ ድምፅ የነበረው ዣሜላውን (1913-2008) ይህን ስም አይወደውም ነበር፤ «ኢንተርፕረቲ» በሉኝ ይል ነበር። በማይወደው ስም የተጠራ ሰው ለቀሪዎቹ ጥያቄዎች ከልቡ ይመልሳል ትላላችሁ?

በአንጎላና በሞዛምቢክ ደግሞ ፖርቱጋልኛ ለብዙዎች ሁለተኛ ቋንቋ ነው። በ2019 በዩኔስኮ የተመዘገበው የኬፕ ቨርዴ ሞርና በአብዛኛው የሚዘፈነው በክሪዮል ነው። ስሜቱን በአንድ ቋንቋ የሚዘፍን ሰው ሕመሙን በሌላ ቋንቋ እንዲናገር እየጠየቅነው ነው።

የተለመደው አሠራር ይታወቃል። ሁለት ተርጓሚዎች ለየብቻ ይተረጉማሉ፤ ሥራቸው ይታረቃል፤ ዋናውን ያላየ ሰው መልሶ ይተረጉመዋል፤ ባለሙያዎች ያዩታል፤ በመጨረሻ ለጥቂት ሰዎች ይሞከራል። ብራዚሎች በሙከራው ጊዜ «አይመለከተኝም» የሚል ምርጫ ይጨምራሉ። ብዙ ሰው እሱን የመረጠበት ጥያቄ ይታረማል ወይም ይለወጣል። በእኔ አስተያየት ትልቁ ደረጃ ይሄ ነው። ይህ ሙከራ በየአገሩና በየሙዚቃው ዓይነት ሊደገም፣ ዘፋኞችም ከባለሙያዎቹ ጋር ሊቀመጡ ይገባል። ታማሚውን ከጤነኛው የሚለየው የነጥብ ወሰንም እንዲሁ ነው፤ ከሳኦ ፓውሎ የኦፔራ ዘፋኞች የተገኘ ወሰን ሊዝበን የፋዱ ቤት ድረስ በደፈናው አይወሰድም።

«ወጪው ይበዛል፤ ቅጂው ከበዛ ማወዳደር ያስቸግራል» የሚሉ አሉ። ስለ ወጪው እውነታቸውን ነው። ማወዳደሩን በተመለከተ ግን የጥያቄው ቁጥርና የነጥቡ አሰጣጥ አንድ ሆኖ አነጋገሩ ቢለያይ ምንም አይጎዳም። ይልቅስ አንድ ዓረፍተ ነገር ለሁለት ሰዎች ሁለት ነገር እያለ ቁጥሮቻቸውን ማወዳደር ነው የሚያሳስተው።

ዘፋኝ እንጀራው ድምፁ ነው። ለእሱ የተዛባ ቁጥር ማለት ያለ ጊዜው መድረክ መልቀቅ ወይም ሳይታከም መቆየት ማለት ነው። እኛም የቋንቋ ተማሪዎች ትርጉማችንን ስንገመግም «ዋናውን መሰለ ወይ?» ብለን ባናቆም ጥሩ ነው። «የሚመልሰው ሰው ምን ብሎ ተረዳው?» ብለንም እንጠይቅ። የተለየ ሐሳብ ያላችሁ በሚቀጥለው እትም ጻፉበት፤ እንወያይበታለን።