ጭንቅላትም ልምምድ ይፈልጋል!

ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም ዋሊያዎቹ ከ31 ዓመታት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሰው በደቡብ አፍሪካዋ ኔልስፕሩት ከተማ የዋንጫውን ባለቤት ዛምቢያን ገጠሙ። ሳላዲን ሰኢድ የመታው ፍጹም ቅጣት ምት ተመለሰ። በረኛው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ። ለዕረፍት ሳይወጡም ጎል ገባባቸው። ብዙው ተመልካች “በቃ፣ አለቀ” ያለበት ሰዓት ነበር። ልጆቹ ግን በ10 ሰው ታግለው በአዳነ ግርማ ጎል 1 ለ 1 ወጡ።

አራት ቀን ቆይቶ እዚያው ስታዲየም ከቡርኪና ፋሶ ጋር ተገናኙ። 1 ለ 0 እየተመሩ ሳለ የተጋጣሚያቸው በረኛ በቀይ ካርድ ተባረረ። አሁን ጎዶሎው ሌላው ቡድን ነው። ታዲያ ምን ሆነ? ሦስት ጎል ተጨምሮባቸው 4 ለ 0 ተሸነፉ!

እርግጥ የአዳነ ተጎድቶ መውጣት ቡድኑን አሳስቶታል፤ ቡርኪና ፋሶም ለፍጻሜ የደረሰ ጠንካራ ቡድን ነበር። ነገር ግን በአራት ቀን ውስጥ ኳስ አይረሳም፤ ጉልበትም እንዲህ አይከዳም። በቀላሉ የሚለዋወጠው ጭንቅላት ነው።

በአገራችን እግር ኳስ ይህ ጉዳይ በአንድ ቃል ይታለፋል። ሲያሸንፉ “ወኔ ነበራቸው”፣ ሲሸነፉ “ወኔ አጡ” ይባልና ፋይሉ ይዘጋል። ወኔ ከሰማይ የሚወርድ ይመስል!

ነገሩ ግን ምክንያት አለው። ተጫዋች መጠነኛ ውጥረት ሲሰማው ይነቃል። ውጥረቱ ከልክ ሲያልፍ ትንፋሹ ያጥራል፤ ጡንቻው ይጠነክራል፤ ዓይኑ ነጻ የቆመውን ጓደኛውን ማየት ያቅተዋል። ለዓመታት ሳያስብ ሲመታው የኖረውን ኳስ “እግሬን እንዴት ላድርግ?” እያለ ሊመታ ይሄዳል። ያኔ ኳሷ ወይ ወደ ሰማይ ወይ ወደ በረኛው እጅ ናት።

አትሌቲክሱም ከዚህ አያመልጥም። ቀነኒሳ በቀለ በታህሳስ 1997 ዓ.ም እጮኛውን አትሌት ዓለም ተጫለን አብረው ልምምድ ላይ ሳሉ በሞት ተነጠቀ። በዚያው ወር መጨረሻ ገደማ አልፎ ጥር ላይ ቦስተን ውስጥ 3 ሺህ ሜትር ሲሮጥ ዙር ተሳስቶ፣ ጊዜው ሳይደርስ አፈትልኮ ወጣና ተሸነፈ። እግሩ ያው የቀነኒሳ እግር ነበር፤ ሐሳቡ ግን እዚያ አልነበረም። ደግነቱ ብዙም ሳይቆይ በመጋቢት የዓለም አገር አቋራጭን በአጭሩም በረጅሙም ርቀት አሸነፈ። በነሐሴ ሄልሲንኪ ላይ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ወሰደ፤ በዚያው ወር ብራስልስ ላይ 26፡17.53 በመሮጥ 15 ዓመት የቆየ ክብረ ወሰን አስመዘገበ።

ግን ሁሉም አትሌት ቀነኒሳ አይደለም። ሐዘን፣ ጉዳት ወይም አንድ የሳተው ፍጹም ቅጣት ምት አንገቱን አስደፍቶት የቀረ ስንት ወጣት አለ? ቁርጭምጭሚቱ ሲወለም ወጌሻ በሩጫ ይደርስለታል። ልቡ ሲሰበርስ? “ወንድ ሁን!” ተብሎ ይታለፋል፤ ይባስ ብሎም ተቀያሪ ወንበር ላይ ይረሳል።

መፍትሄው የግድ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ፍጹም ቅጣት ምት ከልምምድ በኋላ ለጨዋታ ያህል ሳይሆን ደክሞ፣ ጓደኛ እየጮኸበት ይለመድ። መቺው ትንፋሹን ሰብስቦ፣ የሚመታበትን ማዕዘን አስቀድሞ ቆርጦ መቅረብን ይልመድ። “10 ሰው ብንቀር፣ ወይም እነሱ ቢቀሩ ምን እናደርጋለን?” የሚለው ከጨዋታው በፊት ይመከርበት። ክለቦችና ፌዴሬሽኖችም ለወጌሻ እንደሚያስቡት ሁሉ ለስነ ልቦና ባለሙያም ቦታ ይስጡ። አሰልጣኞችም በዕረፍት ሰዓት መሳደብ ሞራል መገንባት አለመሆኑን ይረዱ።

እግርን ለዓመት አሰልጥኖ ጭንቅላትን ለዕድል መተው የትም አያደርስም። ልብ ያለው ልብ ይበል!