ድጋፉ ቋሚ ነው፤ ቤት ድረስ የሚሄደው ግን ማን ነው?

በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ የሚኖር አርሶ አደር ስንዴውን ዋግ ቢመታበት የሚያማክረው ሰው በቀበሌው አለ። አሠራሩ ለአንድ ቀበሌ ሦስት የግብርና ልማት ሠራተኞችን ይመድባል፤ አንዱ በሰብል፣ ሌላው በእንስሳት፣ ሦስተኛው በተፈጥሮ ሀብት። ነፍሰ ጡር እናትም በጤና ኬላ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችን ታገኛለች። አልጋ ላይ የዋሉ አረጋዊ ወይም ያለ ሰው እርዳታ መንቀሳቀስ የማይችል አካል ጉዳተኛ ያለበት ቤት ግን እንዲህ ያለ ሰው የለውም። ጉዳዩ የሚመለከተው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት መዋቅር በተግባር የሚያበቃው በወረዳው ከተማ ነው። በማሻ፣ በአጅባር፣ በአቀስታ ወይም በመካነ ሰላም ያሉ ጥቂት ባለሙያዎች በበሽሎና በዓባይ ገደሎች የተቆራረጡ ቀበሌዎችን እንዲከታተሉ ይጠበቃል።

ሕጉ ዝም አላለም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች፣ ለአረጋውያን እንዲሁም ያለ ወላጅና አሳዳጊ ለቀሩ ሕፃናት ድጋፍ የማድረግ ኃላፊነት እንዳለበት ይደነግጋል። በ2007 ዓ.ም. የጸደቀው ብሔራዊ የማኅበራዊ ጥበቃ ፖሊሲም ተመሳሳይ አቅጣጫ ይዟል። ጡረታ በሌላ በኩል ደመወዝተኛውን የሚመለከት ነው። ዕድሜውን ሙሉ ያረሰ ሰው 60 ዓመት ሲሞላው የሚከፈለው ነገር የለም።

ለገጠሩ አረጋዊ የጡረታን ቦታ በተወሰነ ደረጃ የያዘው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ለአስቸኳይ እርዳታ ከተዳረገ በኋላ ተቀርጾ በ1997 ዓ.ም. ተጀመረ። እንደ ተንታና ለጋምቦ ያሉ ወረዳዎችም ታቅፈውበታል። ጉልበት ያለው ቤተሰብ በእርከንና በመንገድ ሥራ ይሳተፋል፤ ጉልበትም ረዳትም የሌለው ደግሞ ሳይሠራ ቋሚ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይህ ድጋፍ የሚሰጠው ለስድስት ወር ብቻ ነበር፤ የተራበ ሽማግሌ በክረምት እንደማይራብ ያህል። በአራተኛው ምዕራፍ፣ ማለትም ከ2008 በጀት ዓመት ጀምሮ፣ ወደ 12 ወር ከፍ አለ። መለኪያውም ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ግራም እህልና 4 ኪሎ ግራም ጥራጥሬ ወይም ተመጣጣኝ ገንዘብ ሆነ። የቋሚ ድጋፉ ኃላፊነትም በዚያው ወቅት ወደ ማኅበራዊ ጉዳይ ዘርፍ ተሸጋገረ።

ኃላፊነቱ ሲሸጋገር ግን እግር አብሮ አልተሰጠም። ዛሬም ዝርዝሩን የሚያዘጋጀው የቀበሌው የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይል ነው፤ ቤት ለቤት የመሄዱ ሥራም በአብዛኛው በልማት ሠራተኛውና በጤና ባለሙያዋ ትከሻ ላይ ይወድቃል። ሁለቱም ተጠሪነታቸው ለሌላ መሥሪያ ቤት ነው። በዚህም የተነሣ ክትትል ሲባል በወረቀት የሚታየው የስም ዝርዝርና የክፍያ መዝገብ ይሆናል። ገንዘቡ መውጣቱ ይታወቃል፤ አረጋዊቷ ታጥባ፣ በልታ፣ ውኃ ተቀድቶላት ስለመዋሏ ግን የሚመዘገብበት አምድ የለም።

መራጩ ኮሚቴም ቀላል ሥራ አልተሰጠውም። መስፈርቱ የሚረዳ ዘመድ የሌለውን ይፈልጋል፤ ደቡብ ወሎ ደግሞ ወጣቶቹ ወደ ዐረብ አገራትና ወደ አዲስ አበባ በብዛት የሚሰደዱበት አካባቢ ነው። ጂዳ ልጅ ያላት እናት ጧሪ እንዳላት ትቆጠር ወይስ እንደሌላት? ልጅቷ ገንዘብ መላክ ያቆመችበትን ወር የሚያውቀው ጎረቤት እንጂ መዝገቡ አይደለም። ለዚህ የቀበሌ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ተቋቁሟል፤ ችግሩ አቤት ለማለት ቢያንስ ከአልጋ መነሣትን የሚጠይቅ መሆኑ ነው። አማቷን ቤት ውስጥ የምታስታምም ምራትም እንዲሁ ነች፤ ጉልበት ያላት ተብላ ከእርከን ሥራው ትመደባለች፤ የማስታመሙ ድካም ግን እንደ ሥራ አይቆጠርላትም።

ከሴፍቲኔቱ የሚበልጠው የእንክብካቤ ውል ግን በመሬት ላይ የተመሠረተው ነው። ማረስ ያቃተው ገበሬ መሬቱን ለእኩል አራሽ ይሰጣል። ወይም ሰብስቦ ለሚጦረው ዘመድ፣ አንዳንዴም ለባዳ፣ ያስተላልፋል። የክልሉ የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 252/2009 የይዞታ መብትን በኑዛዜም በስጦታም ማስተላለፍን ይፈቅዳል። ጽሕፈት ቤቱ ስጦታውን ይመዘግባል፤ በምላሹ የተገባው የመጦር ቃል መፈጸሙን ግን ቤት ሄዶ አያይም፤ ሥራውም አይደለም። ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት በበኩሉ ስጦታው መፈጸሙን ላይሰማ ይችላል። ተጧሪው ሲበደል ያለው መንገድ ፍርድ ቤት ነው፤ ያም በወረዳው ከተማ ነው። የመሬት ስጦታ በተመዘገበ ቁጥር ቅጂው ለማኅበራዊ ጉዳይ ቢደርስ ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

በወሎ ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን አስተሳስሮ የሚይዘው ቅሬ በዚህ መሃል ትልቅ አቅም ነው። ማን ታመመ፣ ማን ብቻውን ቀረ የሚለውን ከማንም በፊት ያውቃል። ዋናው ግዴታው ቀብር መሆኑ ግን አይካድም፤ አርባ ሰው ለቀብር በአንድ ጥሪ የሚወጣበት መንደር ለሦስት ዓመት ሕመም ተራ አያወጣም። በክልሉ የተጀመረው የማኅበረሰብ ክብካቤ ጥምረት የታሰበው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነበር፤ ያለ መደበኛ ሠራተኛና ያለ ቋሚ በጀት ግን በመዋጮና በበጎ ፈቃድ ላይ ብቻ የቆመ ነው።

የተሻለ አሠራር በክልሉ አልጠፋም። በሊቦ ከምከምና በደዋ ጨፋ ወረዳዎች በዩኒሴፍ ድጋፍ በተሞከረ ፕሮግራም የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኞች የቋሚ ድጋፍ ተጠቃሚዎችን ከማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ጋር እንዲያገናኙ ተደርጓል። መድህኑ ራሱ በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ከተጀመረባቸው ወረዳዎች አንዷ የደቡብ ወሎዋ ተሁለደሬ ነበረች። መክፈል ለማይችሉ ሰዎች መዋጮው በመንግሥት ይሸፈናል። የሴፍቲኔቱና የነፃ መድህኑ ዝርዝሮች በሁለት መሥሪያ ቤቶች በተናጠል ሲዘጋጁ በአንዱ ያለ ሰው በሌላው ሊጎድል ይችላል።

ጊዜው ደግሞ ከባድ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ የቀጠለው ግጭት ከወረዳ ከተማ ወደ ቀበሌ የሚደረገውን ጉዞ አክብዶታል። የሴፍቲኔቱ አምስተኛ ምዕራፍ የታቀደው ከ2013 እስከ 2017 ዓ.ም. ነበር። ከዋና ደጋፊዎቹ አንዱ የነበረው የአሜሪካ የእርዳታ ድርጅት ዩኤስአይዲም በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ ተዘግቷል። የማኅበረሰብ ሥራ ተሳታፊ ከፕሮግራሙ ይመረቃል ተብሎ ይጠበቃል፤ የ80 ዓመት አረጋዊት አይመረቁም። የውጭ ገንዘብ ሲሳሳ የእርሳቸውን ስም በመዝገቡ ላይ የሚያቆየው ክልሉና ወረዳው ከራሳቸው ግምጃ ቤት የሚመድቡት ገንዘብ ይሆናል። የወረዳ ምክር ቤቶች ዓመታዊ በጀት በሚያጸድቁበት ጊዜ ለሁለትና ለሦስት ቀበሌ አንድ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ የሚቀጠርበት መደብ ስለመያዙ የሚጠይቁት ደግሞ ከየቀበሌው የተወከሉት የምክር ቤት አባላት ናቸው።